ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም፦ ለክላውድ ማሽኖች የኔትወርክ መንገድ አከፋፈት

«ማሽኑ ‹ራኒንግ› ይላል። ገብቼ አፕዴት ስለው ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በቴሌግራም የማይመጣልኝ ሳምንት የለም። ጅማ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። ከኪቶ ፉርዲሳ (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ልጆች በቀን ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት መመለስ ስለደከመኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አብዛኛው ሰው ማሽኑን ይበረብራል። ዳግም ያስነሳዋል፣ አጥፍቶ ሌላ ይተክላል። ችግሩ ግን ያለው ማሽኑ ውስጥ አይደለም። በክላውድ ላይ ብዙ ጊዜ መንገድ የሚሰጠው ማሽኑ ለተቀመጠበት ሰብኔት (ለኔትወርኩ አንድ ክፍል) ነው። ሰብኔቱ የመንገድ ሰንጠረዥ አለው፤ ራውት ቴብል የሚባለው ነው። ማሽኑ ምንም ቢታደስ ሰንጠረዡ ላይ መስመር ከሌለ የትም አይደርስም።

የጅማ መናኸሪያን አስቡ። ተራ አስከባሪው እጅ ላይ ዝርዝር አለ እንበል። አጋሮ የሚሄድ በዚህ መኪና፣ ቦንጋ የሚሄድ በዚያ፣ ሌላው ሁሉ በአዲስ አበባው። አጋሮ የሚል መስመር እያለ የአጋሮን ሰው አዲስ አበባ መኪና ላይ አይጭነውም። ራውት ቴብልም እንዲሁ ነው፤ ሁለት መስመሮች ቢገጥሙ ይበልጥ ጠበብ ብሎ የተጻፈው ያሸንፋል። «ሌላው ሁሉ» የሚለው መስመር በኔትወርክ ቋንቋ 0.0.0.0/0 ነው። እሱ ከሌለ ሐዋሳ የሚሄደው ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ ይቆማል። መኪና እንደሌለ የሚነግረው የለም። «አፕዴት ስለው ቆሞ ይቀራል» የምትሉት ይኸው ነው።

ምሳሌውን የምሠራው በአማዞን ክላውድ፣ በኤደብሊውኤስ ነው፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ። አዙር ላይም ሰንጠረዡ ከሰብኔት ጋር ነው የሚታሰረው። ጉግል ክላውድ ላይ ግን መንገዱ የሚሰጠው ለኔትወርኩ በሙሉ ነው፤ ለተወሰኑ ማሽኖች ብቻ ከፈለጋችሁ በታግ ትለያላችሁ።

የምንሠራው ይህን ነው፦ ከውጭ የሚታይ አንድ የዌብ ማሽን፣ ከውጭ የማይታይ አንድ የዳታቤዝ ማሽን። የዳታቤዙ ማሽን ከውጭ አይጠራም፤ እሱ ግን አፕዴት ለማውረድ መውጣት ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኤደብሊውኤስ አካውንት። በዋናው የሩት ኢሜይል አትግቡ። ቪፒሲ (ክላውዱ ላይ ያለ የራሳችሁ ኔትወርክ) እና ኢሲቱ (ማሽኖቹ የሚነሱበት አገልግሎት) ላይ ፈቃድ ያለው የራሳችሁ ተጠቃሚ ይኑራችሁ።
- አንድ ሪጅን (ማሽኖቹ የሚቀመጡበት አካባቢ)። ኮንሶሉ ላይ ከላይ በስተቀኝ የምትመርጡት ነው። መርጣችሁ አትቀያይሩ። «የሠራሁት ሁሉ ጠፋ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሌላ ሪጅን ላይ ቆመው ነው የሚፈልጉት።
- የኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል። ከሩቅ ወደ ማሽኑ የምትገቡበት ነው።
- የበጀት ማስጠንቀቂያ። ቢሊንግ ውስጥ «በጀትስ» የሚለው ጋ 5 ዶላር ላይ አድርጉት።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። የምሬን ነው።
- ቻርጅ የሞላ ላፕቶፕ። መብራት ቢሄድ ክላውዱ ላይ የሠራችሁት አይጠፋም። ግን በጅምር የቀረ ነገርም ሒሳብ ይቆጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪፒሲ፣ ሰብኔት፣ ራውት ቴብልና ኢንተርኔት ጌትዌይ (የቪፒሲው የኢንተርኔት በር) መፍጠር አያስከፍልም። የሚያስከፍሉት ማሽኖቹ፣ ዲስኮቹ፣ የናት ጌትዌይ (ከውጭ ለማይታይ ማሽን መውጫ) እና የውጭ አይፒ አድራሻ ናቸው። ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ይታሰብበታል፤ ሥራ ላይ ቢሆንም ባይሆንም።

ደረጃዎቹ

1. አድራሻዎቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያድግ የአድራሻ ክልሉ ይጠባል።

ቪፒሲ፦ 10.20.0.0/16
የውጭ ሰብኔት፦ 10.20.1.0/24
የውስጥ ሰብኔት፦ 10.20.2.0/24

ይህ ለምን ይጠቅማል? የቪፒሲው ዋና የአድራሻ ክልል አንዴ ከተፈጠረ አይቀየርም። ሁለት ቪፒሲዎች የአድራሻ ክልላቸው ከተደራረበ በፒሪንግ ማገናኘት አይቻልም። ወደፊት ከቢሮ በቪፒኤን የምትገቡ ከሆነ ደግሞ 192.168.1.0/24ን ተዉት፤ ብዙ የቤት ዋይፋይ እሱን ነው የሚጠቀመው።

172.17.0.0/16ንም አትንኩ። ይህን የምለው ግማሽ ቀን ስለበላኝ ነው። አንድ ጊዜ ቪፒሲውን በዚህ ክልል ሠራሁት። የዌብ ማሽኑ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ነበር። ዶከር ሲጫን ማሽኑ ውስጥ 172.17.0.0/16 ላይ የራሱን ድልድይ ይዘረጋል። ማሽኑ ዳታቤዙን የሚፈልገው እዚያው ራሱ ውስጥ ሆነ፤ ፓኬቱ (የሚላከው ዳታ) ከማሽኑ አልወጣም። እኔ ሰብኔቱን፣ ሰኪዩሪቲ ግሩፑን (ወደ ማሽኑ ማን እንደሚገባ የሚወስነውን ሕግ)፣ የሰንጠረዡን መስመር ስገለብጥ ዋልኩ። «ማሽኑን አትበርብሩ» ያልኩት ምክር የማይሠራበት ቦታ ይህ ነው።

ከእያንዳንዱ ሰብኔት ኤደብሊውኤስ 5 አድራሻ ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹን 4 እና የመጨረሻውን። አንድ /24 ሰብኔት ካለው 256 አድራሻ የሚቀሯችሁ 251 ናቸው። ለማሽን 10.20.1.2ን ልስጥ ብላችሁ እንቢ ቢላችሁ አይግረማችሁ።

2. ቪፒሲውን ፍጠሩ። «ክሪኤት ቪፒሲ» በሉና «ቪፒሲ ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። 10.20.0.0/16 አስገቡ። ሌላው አማራጭ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሠራላችኋል፤ ናት ጌትዌይም ሊጨምርበት ይችላል። ሒሳቡ ሲመጣ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

3. ሁለቱን ሰብኔቶች ፍጠሩ። ሁለቱንም አንድ አቬይለቢሊቲ ዞን (የሪጅኑ አንድ ክፍል) ላይ አድርጉ። ዞን ተሻግሮ የሚሄድ ዳታ ያስከፍላል፤ ለልምምድ ደግሞ ምንም አይጠቅምም። በዚህ አጋጣሚ፣ የስም ታጉን በአማርኛ «የውጭ» እና «የውስጥ» ብትሉት ይቀበላል። የሰኪዩሪቲ ግሩፕ ስም ግን የግዕዝ ፊደል አይወስድም፤ እዚያ ላይ ቀይ መልእክት ቢመጣ ይኸው ነው።

4. ኢንተርኔት ጌትዌይ ፍጠሩና ከቪፒሲው ጋር አያይዙት። ሁለት ሥራ ነው። ፈጥራችሁ ብቻ ከተዋችሁት «ዲታችድ» ይላል። «አታች ቱ ቪፒሲ» የሚለውን ካልተጫናችሁ በሚቀጥለው ደረጃ መስመር ልትጨምሩ ስትሉ ጌትዌዩን አታገኙትም። ለአንድ ቪፒሲ አንድ ጌትዌይ ብቻ ነው የሚያያዘው።

5. የውጭውን ራውት ቴብል ሥሩ። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚቀሩት እዚህ ነው።

«ክሪኤት ራውት ቴብል» ብላችሁ ቪፒሲያችሁን ምረጡ። ስትከፍቱት አንድ መስመር ቀድሞ ተጽፏል፦ 10.20.0.0/16፣ ታርጌቱ (የሚወጣበት በር) «ሎካል»። ይህ በቪፒሲው ውስጥ ያሉ ማሽኖች እርስ በርስ የሚገናኙበት ነው። አይሰረዝም፤ ሰርዙት የሚላችሁም የለም።

ቀጥሎ «ኤዲት ራውትስ»፣ «አድ ራውት»። መድረሻ 0.0.0.0/0። ታርጌት ላይ «ኢንተርኔት ጌትዌይ» ምረጡና የእናንተን ጥቀሱ። ሴቭ።

አላለቀም። አሁን ሰንጠረዡ አለ፣ ግን ማንም አይጠቀምበትም። «ሰብኔት አሶሲየሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የውጭውን ሰብኔት ምልክት አድርጉና ሴቭ በሉ። አንድ ሰብኔት በአንድ ጊዜ የሚታሰረው ከአንድ ሰንጠረዥ ጋር ብቻ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ግን ብዙ ሰብኔቶችን ያስተናግዳል።

«ለምን አዲስ ሰንጠረዥ? ‹ሜይን› የሚል ተሠርቶ የተቀመጠ አለ እኮ» ትሉ ይሆናል። አዎ አለ። ከየትኛውም ሰንጠረዥ ጋር ያላሰራችሁት ሰብኔት ሁሉ በሜይን ነው የሚሄደው። ሜይን ላይ ወደ ኢንተርኔት መስመር ከጨመራችሁ ከሦስት ወር በኋላ ቸኩላችሁ የምትፈጥሩት ሰብኔት ሳታውቁት ወደ ውጭ ክፍት ይሆናል። ሜይንን ባዶ ተዉት። ረስታችሁ ብትገኙ የሚደርስባችሁ መቋረጥ ነው፤ መጋለጥ አይደለም።

6. የውስጡን ራውት ቴብል ሥሩ። ያው አሠራር፤ ከውስጥ ሰብኔት ጋር እሰሩት። 0.0.0.0/0 ግን ገና አትጨምሩ።

7. ማሽኖቹን አስነሱ። ሁለቱም ኡቡንቱ፣ ሁለቱም ትንንሽ።

የዌቡ ማሽን በውጭ ሰብኔት። «ኦቶ አሳይን ፐብሊክ አይፒ» የሚለውን «ኢኔብል» አድርጉ። ራሳችሁ በፈጠራችሁት ሰብኔት ላይ ይህ ሳይነኩት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። መንገድ ኖሮ የውጭ አድራሻ ከሌለ አሁንም አትወጡም፤ ኢንተርኔት ጌትዌዩ የሚሠራው የማሽኑን የውስጥ አድራሻ በውጭው እየለወጠ ነውና የሚለውጥበት ያጣል። ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ስታዩ 10.20.1 የሚጀምረውን ብቻ ነው የምታገኙት። ልክ ነው፤ የውጭው አድራሻ ማሽኑ ውስጥ አይታይም።

ሰኪዩሪቲ ግሩፑ ላይ 22ን (የኤስኤስኤች በር) ለ«ማይ አይፒ» ብቻ፣ 80ን እና 443ን (የዌብ በሮች) ለሁሉም ክፈቱ። ከቤት ዋይፋይ ወደ ስልክ ዳታ ከዞራችሁ አድራሻችሁ ተቀይሯል፤ መብራት ሄዶ ራውተራችሁ ከተነሳም ሊቀየር ይችላል። ትናንት የገባችሁበት ማሽን ዛሬ እንቢ ካለ መጀመሪያ ይህን እዩ። 22ን ለዓለም ሁሉ መክፈት መፍትሔ አይደለም።

የዳታቤዙ ማሽን በውስጥ ሰብኔት፣ ያለ ውጭ አድራሻ። ሰኪዩሪቲ ግሩፑ 22ን እና ፒንግን (ማሽኑ ይመልስ እንደሆነ መፈተሻውን) ከዌቡ ማሽን ሰኪዩሪቲ ግሩፕ ብቻ ይቀበል። ወደ እሱ ስትገቡ የኤስኤስኤችን የጃምፕ አማራጭ (በዌቡ ማሽን በኩል አልፎ መግባት) ተጠቀሙ። የቁልፍ ፋይላችሁን የዌቡ ሰርቨር ላይ አትገልብጡ፤ ዌቡ ከተሰበረ ዳታቤዙም አብሮ ይሄዳል።

8. ናት ሳትጨምሩ ፈትሹ። ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። ግን ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ለይታችሁ የምታውቁት አሁን ነው።

ከዌቡ ማሽን አፕዴት አድርጉ፤ መሥራት አለበት። ከዌቡ ማሽን ዳታቤዙን ፒንግ አድርጉ፤ በ«ሎካል» መስመር ስለሚሄድ ይመልሳል። ከዳታቤዙ ማሽን አፕዴት አድርጉ፤ መቆም አለበት። ቢሠራ ነው ችግሩ! የውስጡ ሰብኔት ከተሳሳተ ሰንጠረዥ ጋር ታስሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዳታቤዙ ማሽን የአንድ ድረ ገጽ ስም ብትጠይቁ አድራሻው ይመጣል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም። የስም አገልግሎቱን የሚሰጠው ቪፒሲው ራሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ዲኤንኤሱ ይሠራል፣ መንገዱ አለ ማለት ነው» አትበሉ።

9. ለውስጡ ማሽን መውጫ ምረጡ። ሁለት አማራጭ አለ።

ናት ጌትዌይ፦ ኤደብሊውኤስ ራሱ የሚያስተዳድረው ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሪጅን በሰዓት 0.045 ዶላር፣ በላዩ ላይ በሚያልፈው እያንዳንዱ ጊጋባይት ሌላ 0.045 ዶላር። አንድም ነገር ሳያልፍበት በ30 ቀን 32 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ሥራ ላይ ላለ ድርጅት ምንም አይደል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ግን ወር ሙሉ አታቁሙት።

ናት ጌትዌዩን የምታስቀምጡት በውጭ ሰብኔት ነው። የሚያገለግለው የውስጡን ስለሆነ ብዙ ሰው ውስጥ ያስቀምጠዋል። እሱ ራሱ ወደ ኢንተርኔት መውጫ ከሌለው ሌላውን ሊያወጣ አይችልም። ኢላስቲክ አይፒ (ቋሚ የውጭ አድራሻ) ስጡትና «አቬይለብል» እስኪል ጠብቁ። ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ጀበናውን ጣዱ።

ናት ማሽን፦ ሌላ ትንሽ ኡቡንቱ በውጭ ሰብኔት አስነስታችሁ እሱን በር ጠባቂ ማድረግ። በጣም ይረክሳል። ሥራው ግን የእናንተ ነው። አራት ነገር ይፈልጋል።

- ኮንሶሉ ላይ «ሶርስ ዴስቲኔሽን ቼክ» የሚለውን አጥፉ። ማንኛውም ማሽን የራሱ ያልሆነ ፓኬት ሲመጣበት እንዲጣል ተደርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ናት ማሽን ሥራው የሌላውን ማሳለፍ ስለሆነ ይህ ካልጠፋ ምንም አያልፍም።
- ማሽኑ ውስጥ የከርነሉን አይፒ ፎርዋርዲንግ (የሌላን ፓኬት ማሳለፍ) ከ0 ወደ 1 ቀይሩ። ማሽኑ ሲነሳ እንዲቆይ ሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ ጻፉት።
- በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ ፋየርዎል) የ«ማስከሬድ» ሕግ፣ ማለትም የውስጡን አድራሻ በናት ማሽኑ አድራሻ የሚተካውን፣ ዳታው በሚወጣበት የኔትወርክ ኢንተርፌስ ላይ ጨምሩ። ከቆዩ መመሪያዎች የምትገለብጡት «ኢቲኤች0» ይላል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ «ኢኤንኤስ5» ነው። መጀመሪያ ስሙን ማሽኑ ላይ አይታችሁ ጻፉ። ሕጉን ካላስቀመጣችሁት ሪስታርት ሲሆን ይጠፋል።
- ሰኪዩሪቲ ግሩፑ ከ10.20.2.0/24 የሚመጣውን ይቀበል።

ናት ማሽኑ ላይ ዶከር አትጫኑ። ዶከር የሚያልፉ ፓኬቶችን የማገድ ልማድ አለው፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ይቆማል።

10. የውስጡ ራውት ቴብል ላይ 0.0.0.0/0 ጨምሩ። ታርጌቱ ናት ጌትዌዩ ወይም ናት ማሽኑ ይሁን። ኢንተርኔት ጌትዌዩን እንዳትመርጡ፤ ዝርዝሩ ላይ ጎን ለጎን ስለሚመጡ እጅ ይስታል።

ከዚያ ከዳታቤዙ ማሽን አፕዴት አድርጉ። አሁን መውረድ አለበት። ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም፤ መንገዱ የተቀየረው ከማሽኑ ውጭ ነው።

11. የኤስ3 (የኤደብሊውኤስ የፋይል ማከማቻ) መንገድ ጨምሩ፣ የምትጠቀሙበት ከሆነ። «ኢንድፖይንትስ» ውስጥ ለኤስ3 የ«ጌትዌይ» ዓይነቱን ምረጡና የውስጡን ራውት ቴብል ምልክት አድርጉ። ሰንጠረዡ ላይ ራሱ መስመር ይጽፋል። እዚያው ሪጅን ያለው ኤስ3 ላይ የምትልኩት ባክአፕ ከዚያ ወዲያ በናት አያልፍም። የጌትዌይ ዓይነቱ በነጻ ነው።

ሲበላሽ

የስህተቱን ቃል አንብቡ። «ታይም አውት» ከሆነ ፓኬቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ራውት ቴብሉን ወይም ሰኪዩሪቲ ግሩፑን እዩ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ከሆነ ግን ፓኬቱ ደርሷል፣ በሩን የከፈተለት ፕሮግራም ነው የሌለው። መንገዱን አትንኩት፤ ፕሮግራሙን አስነሱ።

ሰንጠረዡ ላይ «ብላክሆል» የሚል ካያችሁ መስመሩ የሚያመለክተው ነገር የለም ማለት ነው። ናት ጌትዌዩን ሰርዛችኋል፣ ወይም ናት ማሽኑን አቁማችኋል። አዲስ ናት ስትሠሩ የድሮው መስመር ራሱን አያስተካክልም፤ ገብታችሁ ቀይሩት።

ሁለት ቪፒሲዎችን በፒሪንግ አገናኝታችሁ ፒንግ ካልመለሰ መስመሩን በአንድ ወገን ብቻ ጽፋችሁ ይሆናል። ሄዶ መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። በሁለቱም ቪፒሲ ራውት ቴብል ላይ የሌላኛውን የአድራሻ ክልል ጻፉ።

ኔትወርክ ኤሲኤል (የሰብኔቱን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠር ሕግ) ነክታችኋል? እሱ እንደ ሰኪዩሪቲ ግሩፕ የወጣውን አያስታውስም። የመልሱን በር፣ ከ1024 እስከ 65535 ያለውን፣ ለብቻው መክፈት አለባችሁ። ካልነካችሁት ሁሉንም ስለሚያሳልፍ ተዉት።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደናግር አለ። ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሞችን እንዲጭን «ዩዘር ዳታ» ውስጥ ጽፋችሁ፣ የናቱን መስመር ግን ኋላ ላይ ከጨመራችሁ፣ ጭነቱ ከሽፏል። ያ ስክሪፕት የሚሮጠው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ ነው። መንገዱን አስቀድሙ፣ ማሽኑን አስከትሉ።

ስትጨርሱ

ለልምምድ ከሆነ ዛሬውኑ አፍርሱት። ቅደም ተከተሉን ካልጠበቃችሁ ኮንሶሉ አንዱ ሌላውን ይዞታል እያለ ይመልሳችኋል። መጀመሪያ ማሽኖቹን «ተርሚኔት» አድርጉ። ማቆም ብቻ አይበቃም፤ የቆመ ማሽን ዲስክ ይቆጥራል። ቀጥሎ ናት ጌትዌዩን ሰርዙና «ዲሊትድ» እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ኢላስቲክ አይፒውን «ሪሊዝ» በሉ፤ ናት ጌትዌዩ ሲሰረዝ እሱ አብሮ አይሄድም፣ በሰዓት 0.005 ዶላሩን እየቆጠረ ይቀመጣል። በመጨረሻ ቪፒሲውን ሰርዙ፤ ሰብኔቶቹን፣ ሰንጠረዦቹንና ኢንተርኔት ጌትዌዩን ይዞ ይሄዳል።

በማግስቱ ቢሊንግ ውስጥ ገብታችሁ «ቪፒሲ» የሚለውን መስመር እዩ። ቁጥሩ አሁንም እየጨመረ ከሆነ የረሳችሁት ኢላስቲክ አይፒ አለ፤ ሪጅኑን እየቀያየራችሁ ፈልጉት።